ዳማን ማሳረፍ

ትሕትና ደባርቅ ላይ የጋማ ከብት ሐኪም ሆና ስትሠራ ብዙ የሚያናድድ ነገር ችላለች። ገጣባ ላይ የባትሪ ድንጋይ ዱቄት ነስንሶ «ቁስሉ አልደርቅ አለኝ» የሚል ባለ በቅሎ ችላለች። ያበጠ ጉልበት በጋለ ብረት ተተኩሶ፣ ቃጠሎው ከእብጠቱ ብሶ ሲመጣላትም ችላለች። ዳባት ያሉት አባቷ መሪጌታ መልከ ጼዴቅ ልጃቸው የምን ሐኪም እንደሆነች ሲጠየቁ «ሐኪም ናት» ብለው ብቻ ወሬውን ወደ ሌላ እንደሚያዞሩ ሰምታ እንዳልሰማ ሆናለች። ሃናን መቻል ግን አቃታት።

ሃና የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ታናሽ እህት ናት። ሕግ ተምራ አዲስ አበባ ትሠራለች፤ ከጓደኞቿ ጋር ሆና ደግሞ የመንደር ውሾች በመርዝ እንዳይገደሉ የሚሟገት ማኅበር አቋቁማለች። ስሜንን ለማየት መጥታ ትሕትና ቤት አረፈች። ሥጋ አትበላም፣ ወተት አትጠጣም፣ ማር አትቀምስም። የትሕትና አከራይ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ «ይቺ ልጅ የምን ጾም ነው የያዘችው?» ብለው ጠየቁ። ለእንስሳት ብላ ነው ሲባሉ ትንሽ አሰቡና «ጾሙስ ባልከፋ፤ ማን ይቀበላታል?» አሉ።

በዚያው ሰሞን ትሕትና ብዙ የደከመችበት ነገር ሊያልቅላት ተቃርቦ ነበር። የቱሪስት ጓዝ ወደ ተራራው የሚያወጡት የደባርቅ ባለ በቅሎዎች ማኅበር አላቸው። ሥራው በተራ ነው። ተራው የደረሰው በቅሎውን ይዞ ይወጣል፤ ያልቀረበ ተራው ያልፈዋል። ስለዚህ ጀርባዋ የተገጠበ በቅሎ ያለው ሰው ተራው እንዳያልፈው ሲል ቁስሉ ላይ ኮርቻ ይጭናል። ትሕትና ክረምት ከበጋ እየዞረች የለፈፈችው ይህን ለማስቆም ነው። የቆሰለች በቅሎ እስክትድን ትረፍ፤ የባለቤቷ ተራ ግን ይጠበቅለት። የማኅበሩ ሊቀመንበር ዋሴ ነገሩ ስለገባው አባላቱን አንድ በአንድ አግባብቶላታል። የቀረው እጅ አውጥቶ ማጽደቅ ብቻ ነበር።

ሃና «ስብሰባውን ልየው» አለች። ትሕትናም ይዛት ሄደች።

ስብሰባው ከማኅበሩ ቆርቆሮ ቤት ጀርባ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ነበር። ዋሴ ገና «የእንስሳት ደኅንነት ደንብ» ብሎ ከመጀመሩ እንግዳው የሚባለው ቀልደኛ ባለ በቅሎ ጣልቃ ገባ።

«ለበቅሎም ደኅንነት ተመደበላት? እኛን መከታተላቸው አልበቃ ብሎ?»

ሰዉ ሳቀ። ትሕትና ይህን ቀልድ ስንት ጊዜ እንደሰማችው ራሷም አታውቀውም። ደኅንነት ሲባል ስለላ እንዳልሆነ፣ በቅሎዋ ሳትራብ፣ ሳትጠማ፣ ሳትቆስል፣ ሳትሸበር ትሥራ ማለት እንደሆነ እንደገና አስረዳች። ሰዉም እንደገና ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ በደህና እየሄደ ነበር። ያኔ ሃና እጇን አወጣች።

«እኔ እንግዳ ነኝ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። «እንደገባኝ እዚህ የምትነጋገሩት በቅሎዋን እንዴት አድርገን ብንጭናት ይሻላል በሚለው ላይ ነው። የኔ ጥያቄ ከዚያ ይቀድማል። መጀመሪያ ነገር እንድንጭናት ማን ፈቀደልን? እሷ ፈቅዳለች?»

ሰዉ ትሕትናን አያት። ትሕትና መሬት መሬት አየች።

«እስኪ አንቺ ጠይቂልን» አለ እንግዳው። «እኛንማ አናግራን አታውቅም።»

«መናገር አለመቻሏ መብት የላትም ማለት አይደለም። ሕፃን ልጅም አይናገርም።»

«ታዲያ ሻንጣውን ማን ይሸከመው?»

«ባለቤቱ።»

«ባለቤቱኮ ፈረንጅ ነው።»

«ፈረንጅም ጀርባ አለው» አለች ሃና።

እዚህ ላይ ሳቅ ሆነ፤ ሳቁ ግን ቶሎ በረደ። «መብት» የሚለው ቃል ሰዉ ሆድ ውስጥ ገብቶ እንደ ድንጋይ ተቀምጦ ነበር። ከኋላ አንድ ሰው «ለኛ ያልደረሰ መብት ለበቅሎ ደረሰ?» ሲል ማንም አልሳቀም። ከዚያ አያ ውዱ ተነሡ። አያ ውዱ ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ ናቸው፤ ዳማ የምትባለው በቅሏቸው ጀርባዋ ላይ በግራ በኩል ገጣባ ነበረባት፤ ትሕትና ስታክማት ከርማለች። ደንቡ ሲጸድቅ መጀመሪያ የማሳርፈው እኔ ነኝ ብለው ቃል የሰጧትም እሳቸው ናቸው።

«ልጄ» አሏት ወደ ትሕትና ዞረው፣ «እኔ አንቺን አምኜ ነበር። ዛሬ የቆሰለችውን አትጫኑ ትሉናላችሁ። እሺ። ነገ ደግሞ ጤነኛዋን አትጫኑ ልትሉ ነው። ከነገ ወዲያ በቅሎዋ እልፍኝ ትገባና እኛ በረት እናድራለን። ወዴት እንደምትወስዱን እስኪገባኝ እኔ እጄን አላወጣም።»

አያ ውዱ ካላወጡ ማን ያወጣል? ዋሴ ስብሰባውን ለሌላ ጊዜ አስተላልፌዋለሁ ብሎ በተነው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ትሕትና አስፋልቱ እስኪያልቅ ቻለች። ኮረኮንቹ ላይ ሲደርሱ ግን አላስቻላትም።

«እጃቸው ሊነሣ ነበርኮ፣ ሃና። እዚህ ድረስ ደርሶ ነበር» አለችና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አሳየቻት።

«ለማን ብለው ነው የሚያነሡት? ስታገግም ተመልሰው ሊጭኗት። አንቺ የምታድኛቸው እንደገና እንዲጫኑ ነው። ይሄ ደኅንነት የምትዪው ነገር ሰንሰለትን ጥጥ ማልበስ ነው።»

«ጥጡ ሥር ያለው ቁስል ይድናላ። አንቺ ሰንሰለቱን እስክትበጥሺው እነሱ ምን ይሁኑ? በመብት ቁስል አይታጠብም።»

«በቁስል አጠባም ነጻ አይወጣም።»

«ማን ነጻ ይውጣ አለ? እኔ ያልኩት ካሠራሃት አታሠቃያት ነው። ሌላ ምንም አላልኩም።»

«ጉዱ እሱ ነዋ» አለች ሃና። «ሌላ ምንም አለማለትሽ።»

ትሕትና እርምጃዋን አፈጠነች። አንድ ቃል ብትጨምር የሃናን ሻንጣ አውጥታ ደጅ እንደምታስቀምጠው ገብቷታል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ቀትር ላይ የስሜን ፓርክ ጥበቃ ገዱ ከሳንቃ በር ካምፕ ደወለ። «ዶክተር፣ የአያ ውዱ በቅሎ ወድቃለች። ከቡይት ራስ አለፍ ብሎ፣ አፋፉ ላይ። እግሯ ተሰብሯል።»

ትሕትና የመድኃኒት ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ተራራው የሚወጣ አይሱዙ ላይ ተሳፈረች። ሃና አብሬሽ ካልሄድኩ ብላ ተከተለቻት። ከመኪናው ወርደው በእግር መንገዱ ገቡ። ከገደሉ ሥር የሚወጣው ጉም አንዴ መንገዱን እየሸፈነ አንዴ እየገለጠ ነበር።

ዳማ ከመንገዱ ዝቅ ብላ፣ የአስታ ቁጥቋጦ በበቀለበት ተዳፋት ላይ ተጋድማለች። የፊት እግሯ ከጉልበቷ በታች ተሰብሮ አጥንቱ ቆዳውን በስቶ ወጥቷል። አያ ውዱ ኮርቻዋን አውርደው፣ ጋቢያቸውን አልብሰዋት፣ ራሷን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ጓዙን ሌሎች በቅሎዎች ተከፋፍለው ይዘውት ሄደዋል። ገዱ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ ራቅ ብሎ ቆሟል።

«እንዴት ሆነች?» አለች ትሕትና ተንበርክካ።

«ጭነቱ ሳባት» አሉ አያ ውዱ። «ቁስሏን እንዳይነካት ብዬ ወደ ቀኝ አዘንብዬ ነበር የጫንኩት። ጠምዘዝ የምትለዋ መንገድ ላይ ስትደርስ ጭነቱ ተንሸራተተና ይዟት ወረደ።»

ትሕትና አፏ ድረስ የመጣውን ዋጠችው። ይህች በቅሎ ዛሬ ቤቷ ገለባ ስትበላ መዋል ነበረባት። ደንቡ ጸድቆ ቢሆን ትውል ነበር። እጅ ያላወጡት እሳቸው፣ እጅ እንዳይወጣ ያደረገችው ሃና፣ ሁለቱም እዚሁ አጠገቧ ናቸው፤ ሁለቱም ሊያለቅሱ ደርሰዋል። ማንኛቸውን ትቆጣ? የሕመም ማስታገሻ ወጋቻትና እግሯን አየች። ብዙ ማየት አላስፈለጋትም።

«አያ ውዱ፣ ይህ አይጠገንም» አለች። «የበቅሎ እግር እንዲህ ሆኖ ከተሰበረ አይያዝም። እንዳትሠቃይ ላሳርፋት።»

«ማሳረፍ ስትዪ?»

«በመርፌ። ትተኛለች፤ ከዚያ አትነቃም።»

አያ ውዱ የዳማን ጆሮ ደጋግመው ደባበሱ። «አይሆንም» አሉ በመጨረሻ። «ሚስቴ ወለተ ማርያም ምጥ ጠንቶባት ሆስፒታል የደረሰችው በዚች ጀርባ ነው። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ቃሬዛ የሚይዝ ሰው ጠፍቶ ነበር። ሚስቴንም ልጄንም ተሸክማ ያመጣችልኝን በቅሎ በሰው እጅ አላስገድልም። እግዜር ሲፈልግ ይውሰዳት።»

«እግዜር አይደለም የሚወስዳት፣ አያ ውዱ። ሲመሽ ጅብ ነው የሚመጣው። በሕይወቷ ሳለች ነው የሚጀምራት።»

«አብሬያት አድራለሁ።»

ትሕትና ፊቷን ወደ ሃና አዞረች፤ እርዳታ እየፈለገች ነበር። ሃና ግን አያ ውዱ አጠገብ ቁጭ አለች። «ጋሽ ውዱ ልክ ናቸው» አለች። «እንድትሞት የመወሰን መብት ማንም የለውም። ሰው እግሩ ቢሰበር አትገድዪውም።»

ሁለቱም ትሕትናን ቀና ብለው አዩዋት። በስብሰባው ቀን ዓይን ለዓይን መተያየት ያቃታቸው ሰዎች ዛሬ ጎን ለጎን ተቀምጠው እሷን እንደ ገዳይ ያዩዋታል። ትሕትና ሳቋ ሊመጣ ነበር፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም።

«ሰው እግሩ ቢሰበር ነገ ይሻልሃል እለዋለሁ» አለች። «ነገን አስቦ ይታገሣል። እሷ ነገ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ያላት ይቺ ሰዓት ናት። ይቺን ሰዓት ምን አድርገን እንደምንሰጣት ነው እኔ የምጠይቅሽ።»

«ነገን አለማወቋ ነገዋን ለመውሰድ ፈቃድ አይሆንሽም» አለች ሃና።

ትሕትና ይህን መልስ አልጠበቀችውም። ሌላ ቀን ቢሆን ታስብበት ነበር። አሁን ግን ቦርሳዋ ውስጥ የቀረው ማስታገሻ ጥቂት ነው፤ ደመናውም እየወረደ ነው።

ሃና ስልኳን ይዛ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ገደሉ አፍ ወጣች። አዲስ አበባ ደወለች፤ ጎንደር ደወለች፤ በመጨረሻ አንድ የአይሱዙ ሹፌር አግኝታ እየሮጠች ተመለሰች። «ነገ ጠዋት ይመጣል። ጎንደር እንወስዳታለን፤ የሚያክም ሰው እናፈላልጋለን።»

«ከዚህ ተዳፋት መንገዱ ድረስ ማን ያወጣታል?» አለች ትሕትና።

«ሰው እንሰበስባለን።»

«ከዚያስ? በዚያ ኮረኮንች ጎንደር ድረስ፣ አጥንቷ ወጥቶ?»

«ይመጣል ትላለችኮ» አሉ አያ ውዱ። ድምፃቸው ውስጥ የገባው ተስፋ ትሕትናን ይበልጥ አናደዳት። «ነገ ይመጣል ትላለች። ለዛሬ እሳት አንድጄ እጠብቃታለሁ።»

«እኔም አድራለሁ» አለች ሃና።

ገዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሳት ማንደድ ክልክል ነው፤ ፓርክ ውስጥ ናችሁ» አለ። ሁሉም ዞረው አዩት። «እኔ ልንገራችሁ ብዬ ነው» አለና ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

ትሕትና ያላትን የመጨረሻ ማስታገሻ ወጋች። ከዚህ በኋላ የማሳረፊያው መርፌ ብቻ እንደሚቀራት ነገረቻቸው። ባለቤቷ እምቢ ካሉ በግድ እንደማትወጋትም ነገረቻቸው። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ብርዱ ከገደሉ ሽቅብ ይወጣል። ሃና ጃኬቷን አውልቃ በጋቢው ላይ ደረበችላት፤ ለዳማ።

ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ስትደርስ የማስታገሻው ኃይል ደከመ። ዳማ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ላብ አጠመቃት። ከዚያ፣ ማንም ሳያስበው፣ ልነሣ አለች። አያ ውዱ «ተኚ፣ የኔ እናት፣ ተኚ» እያሉ አንገቷን ያዙ። እሷ ግን ሦስቱን እግሯን አጽንታ፣ አራተኛውንም እንደ ደህና እግር መሬት ላይ ጣለችው። ክብደቷ ሲያርፍበት አጥንቱ ያሰማውን ድምፅ ሁሉም ሰሙት። ወደቀች። በቅሎ እንደዚያ ትጮኻለች ብሎ ያሰበ አልነበረም። እንደገና ልትነሣ ሞከረች።

«ዶክተር» አሉ አያ ውዱ። አልጮኹም። «አሳርፊያት። አሁን።»

ትሕትና የደም ሥሩን ፈልጋ በላዩ ያለውን ፀጉር በመቀስ ቆረጠች። አያ ውዱ የዳማን ግንባር ስመው «ይቅር በዪኝ» አሏት፤ ሰው ለሰው እንደሚለው።

«ያማታል?» ብለው ጠየቁ።

«መርፌው ሲገባ ብቻ።»

ሃና ቆማ ነበር። ፊቷ አመድ መስሏል። «እኔ አልተስማማሁም» አለች። «ይሄን እወቂልኝ።»

«አውቄልሻለሁ» አለች ትሕትና። «አሁን ራሷን ያዢልኝ።»

ሃና ተንበርክካ ያዘችላት።

ብዙ አልቆየችም። ትንፋሿ አንዴ ረዘመ፣ ከዚያ ቆመ። ትሕትና ዓይኗን ነካ አድርጋ፣ ልቧን አዳምጣ «አርፋለች» አለች። አያ ውዱ ጋቢያቸውን አላነሡትም።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደግ ነበር። ትሕትና ግን ቦርሳዋን እየዘጋች አንድ ነገር መናገር ነበረባት፤ አፍራም ነበር። «መቅበር አለብን» አለች። «መድኃኒቱ ሥጋዋ ውስጥ ይቀራል። ጥንብ አንሣ ቢበላት ይሞታል፤ ጅብም ይሞታል።»

«በቅሎ?» አሉ አያ ውዱ። «መቅበር?»

«እዚህ ድንጋይ ላይ?» አለ ገዱ።

ሐዘናቸው ቀረና ሁሉም ተናደዱባት። ገዱ እያጉረመረመ ሄዶ ሁለት ባልደረቦቹን ከነአካፋና ዶማ ይዞ መጣ። ዝቅ ብሎ አፈር ያለበት ቦታ ተገኘ፤ በመጫኛ አስረው ጎተቷት። ፀሐይ እስክትጠልቅ ቆፈሩ። ሃና ዶማ ይዛ የማታውቅ ልጅ ናት፤ እጇ ውኃ ቋጥሮ፣ ውኃው ፈርጦ እንኳ አላቆመችም። ትሕትና «ተይ፣ ይበቃሻል» ብትላት አልሰማችም።

እየቆፈሩ ሳለ ሃና አያ ውዱን ጠየቀቻቸው። «ጋሽ ውዱ፣ እግሯ ባይሰበር ኖሮ፣ ስታረጅስ ምን ትሆን ነበር?»

«ያረጀች በቅሎ ትለቀቃለች።»

«ወዴት?»

«ሊማሊሞ መንገድ ወርደሽ ዛሪማ ስትሄጂ አላየሽም? ከመንገዱ ዳር ቆዳቸው አጥንታቸው ላይ የተጣበቀ በቅሎዎች ቆመው ይታያሉ። እዚያ ይለቀቃሉ።»

«ማን ይቀበላቸዋል?»

አያ ውዱ አፈሩን አንድ ጊዜ ወረወሩ። «ጅብ ነዋ» አሉ። ትንሽ ቆይተው «ዳማን ግን አልለቃትም ነበር» አሉ። ሃና መቆፈሯን ቀጠለች። ትሕትና ግን አካፋዋን ይዛ ቆመች። በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ አልፋለች። ሥራዋ የሚጫኑት ላይ ነበር፤ የማይጫኑት የማንም ሥራ አልነበሩም።

ሃና አዲስ አበባ ተመልሳ የሆነውን ሁሉ ፌስቡክ ላይ ጻፈችው። አንዲት ቃል አልዋሸችም፤ «አልተስማማሁም» ማለቷንም፣ የዳማን ራስ መያዟንም ጻፈች። ያነበቡት ሰዎች ግን ያነበቡት ግማሹን ነው። የደባርቋ ሐኪም በቅሎ ገደለች ተባለ። የማታውቃቸው ሰዎች ለትሕትና እየደወሉ ሰደቧት። የበላይ አለቃዋ ማብራሪያ አምጪ አሏት፤ ጻፈች፤ ሌላ ማብራሪያ አምጪ አሏት። አባቷ ሳይቀሩ ከዳባት ደወሉ። «በቅሎ ቀበርሽ የሚባለው እውነት ነው?» አሉ። እውነት ነው ስትላቸው «ፍትሐት እንዳትጠይቂኝ ብቻ» ብለው ዘጉ። ከዚያ በፊት ስለ ሥራዋ አንድ ነገር ጠይቀዋት አያውቁም ነበር።

ሃና ነገሩን ላስተካክል ብላ እንደገና ጻፈች። ሐኪሟ ያደረገችው ከጭካኔ አይደለም፣ እኔም ቦታዋ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም አለች። ይህን ጊዜ የገዛ ማኅበሯ ተነሣባት። አንድ ማታ ለትሕትና ደወለች።

«ተሽጣለች አሉኝ» አለች ሃና። «እኔን። አንዱ ደግሞ ‹የጫኚዎች ጠበቃ› አለኝ።»

ትሕትና ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። «እንኳን ደህና መጣሽ» አለቻት።

የባለ በቅሎዎቹ ማኅበር እንደገና ሲሰበሰብ ትሕትና ብዙም ተስፋ አላደረገችም። ዋሴ ገና አፉን ሲከፍት አያ ውዱ ተነሡ።

«ደኅንነት የሚሉትን ቃል አልፈልገውም» አሉ። «መብት የሚሉትንም አልፈልገውም፤ ሁለቱም ያጣሉናል። የኛ አባቶች ውለታ ይሉ ነበር። የተሸከመህን አትርሳ ማለት ነው። የቆሰለች ትረፍ፤ የባለቤቷ ተራ ይጠበቅ። ያረጀችም ሊማሊሞ ላይ አትጣል። እኔ እጄን አውጥቻለሁ።»

እጆች ወጡ። ትሕትና ደስ ሊላት ስትል እንግዳው አንድ ማሻሻያ አለኝ አለ፤ ፈረንጅ በሚበዛበት በጥምቀት ሰሞን ደንቡ አይሠራም። ትሕትና ቁስል ጥምቀትን አያውቅም ብላ ተከራከረች። ማሻሻያው ጸደቀ።

ላረጁት የሚሆን መስክ መፈለጉ ወራት ፈጀ። ቀበሌው ወደ ወረዳው መራቸው፣ ወረዳው ወደ ቀበሌው መለሳቸው። በመጨረሻ ከከተማው በታች ያለች፣ ለእርሻ የማትሆን ረግረግ ተፈቀደችላቸው። ባለ በቅሎዎቹ አጥር አጠሩላት። የመጀመሪያዋ ገቢ የእንግዳው አሮጊት ግራጫ በቅሎ ሆነች። እንግዳው ራሱ እየጎተተ አመጣትና «ጡረታሽን ብዪ» ብሏት ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት አጥሩን ጥሳ የእንግዳው ደጃፍ ላይ ቆማ ተገኘች። መለሷት። ተመልሳ መጣች።

ሃና ይህን በስልክ ስትሰማ ዕድሜ ልኳን ስለተገዛች ነጻነት ጠፍቷት ነው አለች። እንግዳው ደግሞ ሥራ ትወዳለች፣ እኔ መች ልለቃት ፈለግኩ ይላል። ትሕትና ለሁለቱም ብቻዋን ሆና ነው ብላ ነገረቻቸው፤ በቅሎ ብቻዋን መዋል አትወድም። ሃና «ያልተጠየቀች በቅሎ ምን እንደምትወድ አንቺ በምን አወቅሽ?» አለቻት። ትሕትና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ሃና ለራሷ እንድትናገር ትታት፣ ለግራጫዋ ጓደኛ የምትሆን ሌላ አሮጊት በቅሎ ያለው ሰው ፍለጋ ወደ ገበያው ወጣች።